ያች ነጭ ፒክ

ጊታር ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ስለ ጊታሩ ብዙ ይጠየቃል። በስንት ገዛኸው፣ የየት ሀገር ሥሪት ነው፣ አምፕሊፋየሩስ ምንድን ነው? በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መካከል ስላለችው ትንሽ ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ስለ ክር መምቻዋ ፒክ፣ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔን በሙያው ውስጥ ከሁሉ አብልጣ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ጊታር ስንቱን ለዋውጫለሁ፤ ሸጫለሁ፣ ገዝቻለሁ፣ ተውሼም አምሽቻለሁ። አንዱ ሲሄድ ሌላውን እለምደዋለሁ። ያች ነጭ ፒክ ከዓለም ላይ ስትጠፋ ግን የገዛ እጄ ድምፅ ከእኔ ራቀ፤ እሱን ለመመለስ የፈጀብኝ ጊዜ ጊታር ለመማር ከፈጀብኝ ይበልጣል።

መልኳ ወተት ነው፤ ወደ መብራት ሲያነሷት ከጀርባዋ ያለው የጣት ጥላ ይታያል። ሦስት ማዕዘን ሆና ማዕዘኖቿ ከበብ ያሉ፣ መያዣዋ ላይ ወፈር ብላ ወደ ጫፏ እየሳሳች የምትሄድ ነበረች። ገጿ ሻከር ስለሚል ላብ ቢያጠምቀኝም ከጣቴ አትንሸራተትም። አንድ ጎኗ ላይ በጀርመንኛ የተጻፈ ነገር ነበር፤ እኔ ጋ ስትደርስ ግማሹ ተፍቆ ስለነበር ማን እንደሠራት ከጽሑፉ ማወቅ አልተቻለም።

ያመጣት ጋሼ ነው። ያኔ የምጠራው እንደዚህ ስለነበር አሁንም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ከእኛ በር ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ምሥራቅ ጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ምሕንድስና ተምሮ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ወጣት ለትምህርት ወደ ሶሻሊስት ሀገሮች ይሄድ ነበር፤ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ደግሞ መቀራረቡ ጠንከር ያለ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ግድም የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር፣ የውጭ ምንዛሪ ያጠራቸው ምሥራቅ ጀርመኖች ከእኛ ቡና እየወሰዱ መሣሪያና ማሽን ይሰጡን እንደነበር በጊዜው የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ የሚመለሰው ተማሪ ካሜራ ወይም ሬዲዮ ይዞ ይገባል። ጋሼ ይዞ የገባው ጊታር ነው።

የጊታሩ ራስ ላይ ሙዚማ የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሙዚማ ማርክኖይኪርሸን በምትባል የሳክሶኒ ከተማ የነበረ የመንግሥት ፋብሪካ ነው። ያች ከተማ ለቼክ ድንበር የቀረበች ትንሽ ከተማ ብትሆንም በሙዚቃ መሣሪያ የከበረ ታሪክ አላት። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከቦሄሚያ የተሰደዱ ቫዮሊን ሠሪዎች በ1677 እ.ኤ.አ. የሙያ ማኅበር ያቋቋሙት እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቫዮሊኑም፣ መለከቱም፣ ጊታሩም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሲሠራባት ኖሯል። ዛሬ አሜሪካኖች የሚኮሩበትን የማርቲን ጊታር የመሠረተው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 የተወለደው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ኒውዮርክ የገባው በ1833 ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ፒኳን ፍለጋ ስል ነው። ያኔ የማውቀው፣ በጊታሩ ሳጥን ኪስ ውስጥ አንድ ቡናማ ፖስታ እንዳለና ፖስታው በነጫጭ ፒኮች እንደተሞላ ብቻ ነበር።

ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ይጫወታል፤ እኔ አጥር ተደግፌ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ጠራኝና ጊታሩን አስታቅፎ አንዷን ፒክ ሰጠኝ። እንዳትወድቅብኝ አጥብቄ ስይዛት «አትጨብጣት» አለኝ፤ «ያዛት እንጂ አትጨብጣት። ክሩ ሲገፋት ትንሽ ትመለስ፤ ካልተመለሰች ክሩ ይቆጣል።» ከዚያ የራሱን እጅ አሳየኝ። ፒኳ ከጣቱ የምትወጣው ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ የቀረው ሁሉ በጣቶቹ መካከል ተሸሽጓል። ክሩን ስትነካ ጫፏ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ከሁሉ በፊት የሚሰሙት ይህንኑ ቃል ነው።

ብዙም ሳይቆይ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ገባሁ። መሣሪያ ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ክር አልቋል ማለት ትልቅ ነገር ነው። የቤዝ ጊታር ክር ሲደነዝዝ ድስት ውስጥ ቀቅለን፣ አድርቀን መልሰን እንገጥመዋለን። ቀጭኑ ክር ሲበጠስ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንዷን መዝዘን እስከምትይዝ እንወጥራለን። ፒክማ ማን ይሸጣል? ጓደኞቼ ከጀሪካን ቆርጠው ይጫወቱ ነበር። በእኔ ኪስ ያለችው ከጋሼ ፖስታ የወጣች ስለነበረች እንደ ክታብ እጠብቃት ነበር።

የዚያች ፒክ ዋጋ በደንብ የገባኝ ግን ከክራር የተነሣ ነው። በኪነታችን ውስጥ ክራር የሚመቱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር። ግራ እጃቸውን ከክሮቹ ጀርባ አድርገው እንዲሰማ የማይፈልጉትን ክር በጣታቸው ያፍኑታል። በቀኝ እጃቸው በያዙት ደረቅ የቆዳ ቁራጭ ደግሞ ክሮቹን በሙሉ ይጠርጓቸዋል። የታፈኑት ክሮች ደረቅ፣ የተቆረጠ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ያልታፈነው ክር ከመሐላቸው ነጥሮ ይወጣል። ጆሮ አንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ አይሰማም፤ ደረቁና ጥሩው ተያይዘው ይመጣሉ። ክራርን ክራር የሚያሰኘው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ካሳ ተሰማንም ሆነ አስናቀች ወርቁን ያዳመጠ ሰው ይህን ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ትዝታን በጊታር የምንጫወት ሰዎች፣ ብንናገረውም ባንናገረውም፣ ያን ድምፅ ነው የምንፈልገው። ቅኝቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሚውንና ላውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረግን ሐዘኑ የከበደው ሌላው ትዝታ ይመጣል። በአምስት ድምፅ የሚነገር ነገር ሲሆን እያንዳንዱ ድምፅ እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ ሁሉ ነገር ማለት ነው። ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ከከተማው ሙዚቃ ቤት ሁሉ ሲሰማ፣ እኛ ጀማሪዎች የሰላም ስዩምን ጊታር እየደጋገምን እናዳምጥ የነበረው ለዚህ ነው፤ ስንት ድምፅ እንደተጫወተ ሳይሆን ድምፁን እንዴት እንደሚነካው ለመስማት።

ነጯ ፒክ ደረቁንም ጥሩውንም ትሰጥ ነበር። ጫፏ ቀጭን ስለሆነ ክሩን ስትነካ አትገጭም፤ መያዣዋ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ አትልፈሰፈስም። ጠንካራ ፒክ ክሩን በአንድ ጊዜ ገፍቶ ይለቀዋል፤ ድምፁ ጮክ ብሎ ይጀምራል። በጣም ቀጭኗ ስትታጠፍ ከክሩ ይልቅ የፕላስቲኩ ጭብጨባ ይሰማል። የጋሼ ፒክ በሁለቱ መካከል የምትገኝ ነበረች። አባባ አንድ ማታ ከልምምድ በኋላ እጄን ገልጠው አዩዋት፤ በአውራ ጣታቸው ጎንበስ ቀና አደረጓትና «ይቺማ ቆዳ ናት» አሉ። ከዚያ የበለጠ ምስክርነት ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። ለአብዛኛው ሰው ያ ዓመት ግንቦት 20 ነው፤ ደርግ የወደቀበት፣ ከተማው የተናወጠበት፣ የቀበሌው ኪነት የተበተነበት። በዚያው ዓመት መስከረም 23 ቀን ምሥራቅ ጀርመን የሚባል ሀገር ከካርታ ላይ ወጥቷል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወቴ ላይ ሲገናኙ የሚያስተሳስራቸው ያች ፒክ ብቻ ነበረች። ጋሼ በኋላ እንደነገረኝ፣ ውህደቱ ሳይታወጅ ገና በሰኔ ወር መጨረሻ የምዕራቡ ማርክ በሀገሩ ላይ ሲሠራ፣ የምሥራቅ ዕቃ ከመደብር መደርደሪያ በአንድ ሳምንት ተጠርጎ የምዕራብ ዕቃ ተተካ። ሕዝቡ ለዓመታት የተመኘውን ሊገዛ ሲሮጥ የራሱን ፋብሪካ ዕቃ የሚፈልግ ጠፋ። ሙዚማም ወደ ግል ዞሮ ጥቂት ዓመታት ታግሎ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከሰረ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ በቀሩኝ ፒኮች በየምግብ ቤቱና በየሰርጉ እየተጫወትኩ ነበር።

ፒክ ያልቃል። ጊታር የማይጫወት ሰው ይህን አያውቅም። ወፍራሞቹ ሦስት ክሮች በሽቦ የተጠመጠሙ ስለሆኑ ፒኩን እንደ ሞረድ ይበሉታል። መጀመሪያ ጫፉ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ፣ እጅ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ዘንበል ስለሚል፣ አንዱ ጠርዝ ተበልቶ ይቀራል። እኔ በአንዱ ማዕዘን ሲያልቅብኝ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እያዞርኩ ተጫወትኩ። በጥፍር ሞረድ ጫፏን አስተካከልኩ፤ በጂንስ ሱሪ ፈትጌ አለሰለስኩ። እያነሰች ሄዳ ጣቴ ከክሩ ጋር መጋጨት ሲጀምር የመጨረሻዋን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ያኔ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ።

ፒያሳ ያሉትን መሣሪያ ቤቶች ዞርኩ። የሚገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ደረቅ፣ ክሩን ሲነካ የሚያስጮህ። ለሪትም ይሆናል፤ ለትዝታ አይሆንም። ከዚያ እንደ ጓደኞቼ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሠራሁ፤ ድምፁ ለስላሳ ሆኖ ግን ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ ጫፉም በአንድ ምሽት ይሸረከታል። የሕዝብ ስልክ ካርድ በነበረበት ዘመን እሱንም ቆረጥኩ፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል። የራጅ ፊልም በጣም ስስ ነው። የሲም ካርድ መያዣው ፕላስቲክ ከሁሉ የተሻለ ነበር፤ ወጣቶች አሁንም የሚጠቀሙበት አሉ፣ እኔም ለተማሪ አልከለክልም። ግን ጆሮዬ የሚያውቀው ያ ድምፅ አልነበረም።

አንድ ቀን የቀንድ ዋንጫና ማበጠሪያ የሚሠሩ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ከበሬ ቀንድ ፒክ እንዲያወጡልኝ ለመንኩ። ሰውየው የፒኳን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስዬ ሳሳያቸው ለመጋዝ እንኳ አትመችም ብለው ቆይተው፣ በሦስተኛው ቀን ጥቁርና ቢጫ የተዥጎረጎረ ቆንጆ ነገር ሰጡኝ። ስጫወትባት ልቤ ሞቀ። ድምፁ ክብ ነው፣ አይጮኽም፤ ወደ አባባ ቆዳ የቀረበም ነው። የቀንድ ችግሩ እርጥበት ነው፤ ላቤን እየጠጣች ተጣመመች፣ ከጠርዟም ንብርብሯ መላቀቅ ጀመረ። ቢሆንም ለአንድ ክረምት አገልግላኛለች፤ ዛሬም ያ ሥራ የባለሙያ ክብር የሚገባው ነው እላለሁ።

ለምን ቀንድ እንዲያ ጥሩ ድምፅ እንደሰጠ ስጠይቅ ነው አንድ ትልቅ ታሪክ ላይ የወደቅኩት። ቀንድና የእኛ ጥፍር የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። በጊታርና በማንዶሊን ዓለም ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የተወደደው ፒክ የሚሠራው ደግሞ አፉ የጭልፊት ምንቃር ከሚመስለው የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነበር፤ እሱም ኬራቲን ነው። ያ ኤሊ የሩቅ ሀገር እንስሳ አይደለም፤ በቀይ ባሕር የሚኖር ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የመርከበኞች መመሪያ ከአዱሊስ ወደብ የሚወጡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይላል። ቅርፊቱን ወደ አዱሊስ የሚያመጡት በአቅራቢያው ካሉት ደሴቶች፣ ዛሬ ዳህላክ ከምንላቸው፣ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። አክሱም በገነነበት ዘመን በእኛ ወደብ ያለፈው ዕቃ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚቀኛ ጣት ላይ የሚፈለግ ሆነ ማለት ነው።

የሚደንቀኝ የሚቀጥለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስ ሲወደድ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ ለቢሊያርድ ኳስ ምትክ ሲፈልግ ሴሉሎይድን ለገበያ አበቃ። በ1922 ደግሞ ሉዊጂ ዳንድሪያ የተባለ የኒውዮርክ ሰው ከዚያው ሴሉሎይድ ፒክ እየቆረጠ መሸጥ ጀመረ፤ የኤሊ ቅርፊቱን ዥጉርጉር መልክ ሳይቀር አስመስሎ። አዱሊስ ትሸጣቸው ከነበሩት ሁለቱ፣ የዝሆን ጥርሱና ቅርፊቱ፣ በአንድ ፕላስቲክ ተተኩ። ዛሬ ጊታሪስት ሁሉ የሚያውቀው ያ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተስፋፋው ከዳንድሪያ እጅ ነው። ኤሊውን ግን ፕላስቲኩ ብቻውን አላዳነውም፤ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ንግድ ስምምነት በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ ንግዱ እየተዘጋ ከሄደ በኋላ ነው ፋብሪካዎች ምትኩን አጥብቀው የፈለጉት። የስኮትላንድ ተወላጁ ጂም ደንሎፕ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1981 ያወጣው ቶርቴክስ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። ብርቱካናማው 0.60፣ ቢጫው 0.73፣ አረንጓዴው 0.88 ሚሊ ሜትር እየተባለ በቀለሙ የሚለየውና ዛሬ በየባንዱ የምናየው እሱ ነው። ኤሊው ከተጠበቀ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የቅርፊት ፒክ እንኳ ባገኝ አልገዛም።

ይህን ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። የሙዚቀኛ ትውልድ በሙሉ የለመደውን ነገር አጥቶ ምትክ ፈልጓል። የኩዊኑ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ስድስት ፔንስ በምትባል የእንግሊዝ ሳንቲም ነው የሚጫወተው፤ ጠርዟ የተጫረ ስለሆነ ክሩ ላይ ያንን የእሱን ድምፅ ትሰጠዋለች። ሳንቲሟ በ1980 ከገበያ ስትወጣ እሱ አሮጌዎቹን እየሰበሰበ ቀጠለ። እኔ የምሰበስበው አሮጌ አልነበረኝም፤ ፒኳን የሠራው ስሙ የተፋቀ፣ የሠራበት ሀገር የፈረሰ ነበር። የቀረኝ መንገድ ፒኳን ራሷን መመርመር ነው።

ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛዬ ካሊፐር አበደረኝ። የመጨረሻዋን ፒክ ስለካት መያዣዋ 0.9፣ ጫፏ ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር ግድም ሆነች። ለዓመታት በጣቴ የማውቀው ነገር ቁጥር ሆኖ ሲወጣ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። ቀጥሎ ከምን እንደተሠራች። ውሃ ውስጥ ስጥላት ሰመጠች፤ ጀሪካንና ጠርሙስ ክዳን የሚሠሩበት ፕላስቲክ ግን ይንሳፈፋል። ከዚያችው ከተሸራረፈችው ፒክ ጫፍ ቆንጥሬ በክብሪት አቃጠልኳት። ሴሉሎይድ ቢሆን ቦግ ብሎ የካምፎር ሽታ ይሰጥ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ቀልጣ ተንጠባጠበች፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ናይለን ናት።

በዚህ ጊዜ ነው የጋሼ አንድ ልማድ ትዝ ያለኝ። ከመጫወቱ በፊት ማታውን ፒኮቹን በውሃ ብርጭቆ ያሳድራቸው ነበር፤ ምክንያቱን ነግሮኝ አያውቅም። ናይለን ውሃ ይስባል፤ ውሃ ሲስብ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነውና ጋሼ ፒኮቹን ወደ ላይፕዚግ እርጥበት ይመልሳቸው ነበር ማለት ነው። መሐንዲስ አይደል!

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ የናይለን ፒክ እንዲያመጣልኝ ለመንኩ፤ ይህ ዓይነቱ ዛሬም በብዛት ይሠራል፣ ውፍረቱም ገጹ ላይ ተጽፎበታል። 0.73 ሞከርኩ፤ ለጫፉ ደህና ሆኖ መያዣው ሳሳብኝ። 0.88 መያዣው ሆነ፣ ጫፉ ወፈረ። ስለዚህ 0.88ቱን ያዝኩና ጠረጴዛ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ ጫፉን ከሁለቱም ወገን እያዘነበልኩ ቀስ እያልኩ አሳሳሁት። መጀመሪያ በ400፣ ከዚያ በ800 ቁጥር፤ በመጨረሻ ቆዳ ላይ ፈትጌ አለሰለስኩት። ጫፉን በካሊፐር እየለካሁ 0.6 ሲደርስ አቆምኩ። ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይነሣ ትዝታን ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ክር ላይ ሚውን ስነካው ደረቁ ድምፅ መጣ፤ ተከትሎት ጥሩው መጣ። ልጆቼ እስኪነሱ አላቆምኩም።

ጋሼ ከ1983 በኋላ ተመልሶ ጀርመን ነው የሚኖረው። ለእህቱ ልጅ ሰርግ በመጣ ጊዜ ቤቴ ጠርቼው ቡና ከጠጣን በኋላ ጊታሩን አስታቀፍኩትና «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ሞክራት» አልኩት። የምን ፒክ እንደሆነች አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀም። ባቲ ጀመረ፤ ሳይጨርስ ወደ ትዝታ ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሲያቆም ፒኳን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያት። «ጫፏ አሁንም ትንሽ ትጮኻለች» አለ፤ «ጠርዟን አክብባት። የእኛዋ ጠርዟ ክብ ነበር።» ወዲያው የብርጭቆ ወረቀቱን አመጣሁ። ሁለታችን ተቀምጠን ጠርዟን አከበብናት፤ እሱ ይጫወታል፣ ይመልስልኛል፣ እኔ እፈትጋለሁ። አራተኛው ላይ ፒኳን አልመለሰልኝም፤ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታትና ይዟት ሄደ። ለእኔ ሌላ ሠራሁ።

አሁን ከእጄ የሚወጣው ድምፅ የዚያን ጊዜው ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ከአባባ ቆዳ ጋር የሚያመሳክርልኝ ሰው የለም፤ እሳቸው ዐርፈዋል። ጆሮዬ ግን ይቀበለዋል፣ ጋሼም ተቀብሎታል።

ጊታር ለምትማሩ ወጣቶች አንድ ነገር ልለምን። የምትወዷት ፒክ ካለች ዛሬውኑ ካሊፐር ፈልጋችሁ መያዣዋንና ጫፏን ለኩ፤ ከምን እንደተሠራች፣ ማን እንደሠራት ጽሑፉ ሳይፋቅ ደብተር ላይ ጻፉ። ስታገኙም አንድ ሳይሆን ደርዘን ግዙ። መሣሪያ የምትሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ ጊታር ስታስመጡ ከሚያብረቀርቀው ደረቅ ፒክ ጋር ናይለኑንም አስመጡ፤ ከ0.60 እስከ 0.88 ያለው በክራር ጆሮ ላደገ ጊታሪስት ይስማማል፣ ይሸጣልም። ከአሜሪካም ሆነ ከጀርመን ለዘመድ ጥየቃ የምትመጡ ወገኖቻችን፣ በሰፈራችሁ ጊታር የሚጫወት ልጅ ካለ አስቡት። ደርዘን ፒክ በአንድ ፖስታ ይገባል፤ ሻንጣም አይከብድም።